ካሮቱን የነቀለችው ሹፌር

አያቴና ሹፌሯ ሲስቁ ብታዩዋቸው! እውነቴን ነው፣ ሁለቱ ተደምረው መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ግን ከክፍሌ ልጆች አንድም እንደነሱ የሚስቅ የለም። እኛ ስንስቅ በአንድ ዓይናችን ስልክ እያየን ነው። እነሱ ግን ወገባቸውን ይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ጭን እየመታች፣ "በቃሽ! ተይ በቃሽ! ሽንቴ አመለጠኝ!" እየተባባሉ ነው።

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሹፌሯ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች። "እትዬ ምናምን አትበይኝ፣ ያስረጀኛል" ስላለችኝ ሹፌርዬ ነው የምላት። እሷ አያቴን "መቀስ" ነው የምትላት፤ በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በምላሷም ጭምር ነው። የሁለቱም ባሎች ከሞቱ ቆይተዋል። በሁለቱ ቤት መሀል የነበረውን የቆርቆሮ አጥር ራሳቸው አፍርሰው አንድ ጓሮ አድርገውታል፤ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የጥብስ ቅጠል፣ አጠገቡ ካለፉ በኋላ ቀሚስ ላይ ሽታው የሚቀር።

ምስጢር ነበራቸው። ነበራቸው ነው የምለው፣ አሁን የለም፣ በኔ ምክንያት።

ሹፌሯ ዓይኗ ጠፍቷል። ጭልጥ ብሎ አይደለም፣ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ በር ላይ ስቆም እኔ መሆኔን የምታውቀው ግን በወሬዬ ነው። አያቴ ደግሞ አንድ ክፉ ጉንፋን ከያዛት ወዲህ ምንም አይሸታትም፣ ምንም አይጣፍጣትም። ምንም! አንዴ ለሙከራ ሎሚ አፏ ውስጥ ጨመቅኩባት፣ እኔ ሳያት ፊቴ ሲኮማተር እሷ "ውሃ ነው" አለችኝ።

ስለዚህ አብረው ነው የሚያበስሉት። አያቴ ታያለች፣ ትከትፋለች፣ እሳቱን ትጠብቃለች። ሹፌሯ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። ጨው ሲጨመር ሹፌሯ ማንኪያዋን ይዛ ድስቱ አጠገብ ትቆምና አውቶቡስ ወደኋላ እንደሚያስገባ ሰው፣ "ነይ… ነይ… ትንሽ ነይ… ቁሚ! ልትገጪ ነው!"

አያቴም፣ "እኔ የማውቀው ቀሚስ ማሳጠር ነው፣ ምን አገባኝ ጨው" ትላለች፣ ግን በሳቅ ሞታለች።

ለምን ደበቁት? የሹፌሯ ልጅ ካወቀ ይወስዳታል። እናቴ ካወቀች ደግሞ አያቴን ምድጃ አታስነካትም፤ ጋዝ ቢያፈስ አይሸታትማ። ስለዚህ ተማማሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ስለማግዛቸው ደረስኩባቸው፣ እኔንም አስማሉኝ። ማልኩ። ወይኔ ሰው ሲምል እንዴት ቀላል ነው!

የሹፌሯ ልጅ የሕንጻ መሐንዲስ ነው፣ ከሌላ ከተማ በወር አንዴ ምሳ ሊበላ ይመጣል። እሱ ሲመጣ በሳል ነው የሚግባቡት። አያቴ አንዴ ስትስል ብርጭቆው በቀኝ ነው። ሁለቴ ስትስል በግራ። ሦስቴ ከሳለች ትኩስ ነው፣ አትንኪ። ልጅየው ምንም አልጠረጠረም፣ ግን በጣም አሳሰበው። "እትዬ፣ ይሄ ሳል እስካሁን አለቀቀዎትም?" ይላል፣ በሚቀጥለው ወር ሽሮፕ ይዞ ይመጣል። የአያቴ ቁም ሳጥን ላይ ያልተከፈተ ሰባት ጠርሙስ ሽሮፕ አለ።

አሁን ወደ ካሮቱ ልምጣ።

ሹፌሯ አረም የምታርመው በጣቷና በአፍንጫዋ ነው። ቅጠሏን ትዳስሳለች፣ ጫፏን ጨመቅ ታደርግና ታሸታለች። "ይቺ ካሮት ናት፣ ትቀመጥ። ይቺ ሌባ ናት፣ ትውረድ።" አንድ ሳምንት አያቴ እኛ ቤት ሰነበተች። በዛው ሳምንት ሹፌሯን ጉንፋን ያዛት፣ አፍንጫዋ ድፍን። አርፋ አትቀመጥም መቼም! ገና የበቀለውን ካሮት ሁለት መስመር ሙልጭ አድርጋ ነቅላ አረሙን በመስመር አስቀረችው። ውሃ አጠጣችው። ዙሪያውን ኮተኮተችለት።

አያቴ ስትመለስ አብሬያት ነበርኩ። ሹፌሯ ጓሮ ቆማ፣ ኩራቷ ልክ የለውም፣ "መቀስ፣ እንዴት ነው ካሮቴ?" አለች።

አያቴ አየች። ባልዲውን ገለበጠችና ተቀመጠችበት። "ሹፌር" አለች፣ "ተሳፋሪውን በሙሉ አውርደሽ ሌቦቹን ጭነሽ ነው የመጣሽው።"

ከዛ ሹፌሯ ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል በጠሰች፣ ዳሰሰች፣ ዳሰሰች፣ "ውይ ሞቼ ልገኝ!" አለች፣ ከዛ በቃ፣ ሁለቱም መሬት ላይ። እኔ ሳቅ የሚገድል መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። እንደገና ዘራነው፣ ሦስታችንም አብረን። አሪፍ ሆኖ ወጣ።

እና ልጅየው መጣ። ያን ቀን ምሳው! ዶሮ በምድጃ፣ ውስጡ የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት፣ ዙሪያውን ድንችና ያ ካሮት። ሹፌሯ አዲስ ሸሚዝ ለብሳለች፤ የአንገቷን ቁልፍ አያቴ ናት ያስተካከለችላት። ሳሉ በሰዓቱ፣ እጇ በቦታው፣ ሁሉም ነገር ሰላም።

"ይሄ ካሮት ስኳር ነው እንዴ!" አለ ልጅየው። "ከጓሮ ነው?"

"ከጓሮ ነው፣ ግን ሁለተኛው ዙር ነው!" አልኩ እኔ።

ለምን? ለምን አልኩ? ደስ ብሎኝ ነዋ! ሁሉም እየበላ፣ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ፣ ታሪኩ ደግሞ ምላሴ ላይ እየበላኝ። አወራሁት። አረሙን ውሃ ስታጠጣ፣ ባልዲው፣ ሌቦቹ፣ ሁሉንም፤ በድምፅ፣ በእጅ፣ ተነስቼ እየሠራሁ። ልጅየውም ሳቀ! እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሹፌሯም ሳቀች። ከዛ እንባውን እየጠረገ፣ "ግን እማዬ፣ ካሮትና አረም እንዴት ይምታታብሻል? ቅጠሉ እኮ ሩቅ ለሩቅ ነው" አላት።

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ፣ "በጉንፋኑ ነዋ! አፍንጫዋ ተዘግቶ!" አልኩ።

"አፍንጫዋ?" አለ።

አያቴ ሳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እኔ ጅሏ ደግሞ፣ አራት ሳል ምን ነበር ብዬ እያሰብኩ ነው።

ልጅየው መሳቅ አቆመ። እናቱን አያት። እጁን ቀስ ብሎ ዘረጋና ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ አነሳ፣ ኮሽ ሳያደርግ፣ ወደራሱ ሳበው። ከዛ አያቴን አያት፣ ቀጥ ብሎ። አያቴ አልሳለችም። እያያት እንዴት ትሳል?

ሹፌሯ ውሃ ልትጠጣ እጇን ላከች። ጣቶቿ ባዶውን ያዙ። ትንሽ ወደቀኝ፣ ትንሽ ወደግራ። ከዛ እጇ ጠረጴዛው ላይ አረፈና ዝም አለ።

"ወሰድከው?" አለችው፣ ቀስ ብላ።

"እማዬ" አለ።

ልጅየው ክፉ ሰው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይደለም። ግቢው ውስጥ ቆሞ አያቴን፣ "እትዬ፣ ብትወድቅስ? ማን ያነሳታል?" ሲላት ሰምቻለሁ።

"እኔ" አለች አያቴ።

"እርስዎንስ ማን ያነሳዎታል?"

አያቴ፣ መቀሷ፣ የሸሚዟን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

ሹፌሯ አልሄድም አለች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። "ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰውን የሚፈልገው ቦታ ሳደርስ ኖሬ፣ አንተ እኔን የማልፈልገው ቦታ ልታደርሰኝ ነው?" አለችው። እሱ አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ፣ ራሱ ላይ ሽበት ያለው፣ አለቀሰ። በቃ፣ ያኔ ተሸነፈች። "ሲያለቅስ የአራት ዓመት ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ" አለቻት አያቴን። የሄደች ቀን ልማዷ አልለቃት ብሎ የመኪናውን አራቱንም ጎማ በእግሯ መታ መታ አደረገች፤ "የኋላው ቀኝ ንፋስ ይፈልጋል" አለች፣ እውነትም ይፈልግ ነበር። አያቴ በር ላይ ቆማ መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጇን አላወረደችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ አያቴ ሾርባ ሠርታለች። "ቅመሺ" አለችኝ። ቀመስኩ። ጨው ሁለቴ ሳትጨምርበት አልቀረችም፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

"ይጣፍጣል" አልኩ።

አየችኝ። "ውሸታም" አለች። "እሷ ብትሆን፣ 'መቀስ፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ባሕር?' ነበር የምትለኝ።" ድስቱን አንስታ ደፋችው። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዛ ወዲህ ምሳዋ ዳቦና ሻይ ሆነ። እናቴ፣ "እማዬ ከሳሽ" ስትላት፣ "ዕድሜ ነው" ትላለች። ጓሮውም እንደዛው። ቲማቲሙ ቀልቶ ቀልቶ የሚለቅመው አጥቶ መሬት ላይ ፈነዳ። እኔ አጠጣዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ብቻዬን እዛ ስቆም አልቻልኩም፣ እማማ ትሙት አልቻልኩም።

በሁለተኛው ወር እኔና አያቴ ሹፌሯን ልናያት ሄድን፣ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ። ልጇ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ምንጣፉ ነጭ፣ ሁሉ ነገር የሚያብረቀርቅ፣ የልጇ ሚስትም ደግ ናት፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ደግ። አያቴ ገና ወደ ማእድ ቤቱ ስትራመድ፣ "ኧረ እትዬ! አይድከሙ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እኔ አለሁ አይደል" ብላ መለሰቻት። ሹፌሯም ቁጭ ብላለች። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ጥፍሯ ንጹሕ ነው፣ አፈር የሚባል ነገር የለበትም። ትንሽ ሆናለች። ሶፋው ውጧታል።

አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡና እጅ ለእጅ ተያያዙ። የሁለቱ እጅ ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ጎመኑስ?" አለች ሹፌሯ።

"ደህና ነው።"

"ትል አልገባበትም?"

"ምን ትል፣ እኔ እያለሁ" አለች አያቴ። ጎመን የሚባል ነገር ከቀረ ወር አልፎታል።

"ብቻሽን አሳምረሽዋል ማለት ነው" አለች ሹፌሯ፣ ፈገግ ብላ፣ ግን ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። አያቴም ሰማችው። የሚያፅናናት መስሏት ነበር የዋሸችው። ወይኔ! ጣት በጣት እየደባበሱ ተቀመጡ፣ ማእድ ቤት ውስጥ የሰው ሳህን ሲንኳኳ እየሰሙ።

"ልጅቷስ? መጥታ የለም እንዴ?" አለች ሹፌሯ ቆይታ።

"አለች" አለች አያቴ።

"ታማለች? ምነው ወሬ የለ?"

"ደህና ነኝ ሹፌርዬ" አልኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም አጠገባችን። መንገዱ ሲጋመስ፣ "እማማ፣ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም?" አልኳት።

"እሷ አስማለችኝ" አለች። "መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጆሮዬ ላይ፣ 'መቀስ፣ ልጅቷን እንዳትነኪያት፣ እሷንም ዝም ካሰኘሻት በስልክ ምን ልሰማ ነው?' አለችኝ።"

"አንቺስ? ባትምዪ ኖሮስ?"

"እኔማ ተናድጃለሁ" አለች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነው። "አሁንም አልወጣልኝም። ልጄ ነሽ፣ ለመሳቅ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ማታ ስተኛ ይገባኛል፤ ጠዋት ተነስቼ ያቺን ግድግዳ ሳያት እንደገና እናደዳለሁ። እስኪወጣልኝ ጠብቂኝ።"

"እሺ" አልኩ። እያለቀስኩ ነበር፣ እሷም አላባበለችኝም።

የአያቴ ስልክ ጠራ። ማን እንደሆነ አየችና ለኔ አቀበለችኝ።

"ደረሳችሁ?" አለች ሹፌሯ።

"አልደረስንም።" አፍንጫዬን ሳብኩ። ሰማችኝ፣ መቼም ጆሮዋን ታውቃላችሁ። ምን ሆንሽ ግን አላለችኝም።

"የት ደርሳችኋል?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? በመስኮት እዪልኝ እስቲ። ምን አለ?"

አየሁ። "ነዳጅ ማደያ" አልኩ።

"እሺ።"

"አንድ ሰውዬ ጎማ እየነፋ ነው። ሚስቱ መሰለችኝ፣ በር ከፍታ እየጮኸችበት ነው።"

"ታድላ። ከዛስ?"

አያቴ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞረች።