የተገዘተ ድንጋይ

"ያን ድንጋይ ጣል!"

እንድርያስ አልጣለም። የማረው ዱላ ቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ማረው ድምፁን ሰማው፤ ሰምቶም አልበረደለትም።

ከሐረጎ ጥምዝምዝ መንገድ በታች ያለችውን መንደር አምና ክረምት ጎርፍ ሰንጥቋት፣ የማረውን ሚስት አልታየችን ይዟት ሄዷል። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመንደሩ ሰዎች ስንት ጊዜ ግንዛቤ ተሰጣቸው! አጨብጭበው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ፤ በማግስቱ ከብቱ እዚያው ከመንደሯ በላይ ያለው ተራራ ላይ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል፤ እነሱ ላሱ። በአልታየች ቀብር ላይ ግን መምሬ አምባዬ ቱግ አሉ።

"ግንዛቤ ግንዛቤ ስንባል ለግንዘት በቃን! ከእንግዲህ ግዝት ነው!"

መስቀላቸውን አንስተው፣ ቅጠል የበጠሰ፣ ከብት ያሰማራ፣ ድንጋይ ያነሳ ውጉዝ ይሁን ብለው ተራራውን ገዘቱት። ማረውን ጠባቂ አደረጉት።

ግዝቱ ሠራ፤ ዓመት ሳይሞላ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። "ድንጋይ ያነሳ" ያሏት ግን ጣጣ አመጣች። ከማረው ቤት በላይ ባለው ቦረቦር የሚወርደውን ጎርፍ ሊያግድ የሚችለው የድንጋይ ክትር ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ያለው የተገዘተው ተራራ ላይ ነው። ማን ደፍሮ ይንካው? እንድርያስ ብቻ። ጎረቤታቸው ነው፤ ደሴ ሠርቶ ጴንጤ ሆኖ ስለተመለሰ ግዝት አይይዘውም። ሳምንቱን ሙሉ ማረው ሳያየው ብቻውን ሲክብ ሰነበተ፤ ዛሬ ተያዘ።

ለማረው ግን ዛሬ ድንጋይ የተነሳ ነገ ዛፍ ይቆረጣል፤ የሚስቱም ሞት ከንቱ ይቀራል። የወደቀውን ሰው ጎኑን በእርግጫ ደገመው።

"ጋሽ ማረው፣" አለ እንድርያስ ደም እየተፋ፣ "ክትሩ እኮ ለእርስዎ ቤት ነው። አትጠገብ አራስ ናት።"

ያኔ በላይ በኩል ሰማዩ ተሰነጠቀ። ዝናቡ ገና እነሱ ዘንድ ሳይደርስ የጎርፉ ጩኸት ቀደመ። ማረው ቁልቁል አየ። ልጁ አትጠገብ ከአስር ቀን ጨቅላዋ ጋር እዚያ ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ሮጦ አይደርስባትም። ክትሩን አየ፤ መሃሉ ገና ክፍት ነው።

ውጉዝ መሆንን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳ።

ከዚያ በኋላ አልቆጠረም። ጥፍሩ ተነቀለ፣ መዳፉ ተተለተለ። እንድርያስ በጎኑ ተኝቶ ሕመሙን ችሎ ይጮኻል፦ "በሰፊው ጎኑ ያስተኙት! ወደ ውስጥ ያዘንብሉት!"

መምሬ አምባዬ ጩኸቱን ሰምተው ጃንጥላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። "ማረው! ግዝቴን? አንተ?"

"መምሬ! ወይ ይፍቱኝ፣ ወይ ድንጋይ ያቀብሉኝ!"

ጭቃ ውስጥ የተዘረረውን ሰው አዩ፤ ቤቱን አዩ። ጃንጥላውን ጥለው፣ መስቀላቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ጎንበስ አሉ።

ጎርፉ ግንድና በድን ጥጃ እያንከባለለ መጣና ክትሩን ገጨው። ክትሩ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ወደ ጎን ታጠፈና የማረውን የጤፍ ማሳ እስከ አለቱ ጠረገው። ቤቱ ተረፈ።

የእንድርያስ ክንድ ግን አልተቃናም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ለሰላምታ የሚዘረጋለት ግራ እጁን ነው፤ ማረው በሁለት እጁ ይቀበለዋል፣ ቀና ብሎ ግን አያየውም።