ግድግዳው እስኪደርቅ

ጎረቤቴን «ጋሽ ውሃ ልክ» የምላቸው በሌሉበት ነው። ፊት ለፊትማ ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ የተጣመመ ነገር ካዩ ውስጣቸው እረፍት አያገኝም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡና ሱሪውን ትተው የክር መደርደሪያዬን አንገታቸውን ዘመም አድርገው ሲያዩት ቆዩ።

«መርፌ፣ ነይ እዪ፣ ይሄ ነገር ወደ ግራ ወድቋል» አሉኝ።

መርፌ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለ ሥራዬ ይሁን ስለ ምላሴ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ።

ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል። እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚህ ቤት የነበረ ሰው ሬዲዮ እስከ ጥግ እየከፈተ ያስቸግራቸው ነበር አሉ። ጋሼ አልተጣሉትም፣ ለማንም አልከሰሱትም። አስፈቀዱና ስሱን ግድግዳ አፍርሰው በድርብ ጡብ ገነቡት። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ቀርቶ ሰውየው ራሱ ቢጮህ አይሰማም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ «ማስነጠስ እንኳ አያልፍበትም» ይሉ ነበር፤ የልጅ ውጤት እንደሚያሳይ አባት።

ታዲያ አምና ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ደከመ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ተጣሩ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ማስነጠስ አያልፍም ብለው የለ? ጥሪያቸውም አላለፈም። ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ ብትደውል ብትደውል አያነሱም፤ እኔ ጋ ደወለች፤ እኔ ጋ በሚያስቀምጡት ትርፍ ቁልፍ ገብቼ አገኘኋቸው። ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ «የዚህ ወለል ንጣፍ ያንሸራትታል፣ ማን ነው የሠራው?» አሉኝ። የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን የአባቷ ልጅ ናት፣ አንዴ ከለካች ለካች ነው። «ፈቃዴ ሲያልቅ አብረን እንሄዳለን። ቤቱ ይዘጋል» አለች። ጋሼ አልተከራከሩም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ስለ መደርደሪያ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ስለ ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። ምግብ ሲቀርብ በሉ፤ ሲነገራቸው ተነሱ፤ ሐኪም ለደከመው እጃቸው የሰጠቻቸውን የጎማ ኳስ ጭመቁ ሲባሉ ግን «ልጅ መሰልኳችሁ?» ብለው አልጋ ሥር ወረወሯት።

እኔም ለራሴ አዘንኩ፣ ምን ልደብቅ። ሥራዬን ጨርሼ የምሄድበት ቤት ሌላ የለኝም። ልጆቼ በስልክ ናቸው፣ የተቀረው ወዳጄ መኪናዬ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው።

ነገሩ የተቀየረው በጨዋታ ነው። ልጅቷ ከምሳ በኋላ ላፕቶፕ ከፍታ የምትጫወተው ጌም ነበራት። ተኩስ የለው፣ ሩጫ የለው። ጥቂት ሰዎች ወንዝ ዳር ይሰፍራሉ፤ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። የተቆረጠ እንጨት ቋ ይላል። ከዚያ በረዶ ይመጣል፤ ሰዎቹ በረዶውን ካለፉ መንደሩ ይቀጥላል። በቃ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ከወንበራቸው አንገታቸውን መለስ አድርገው ስክሪኑን አዩ።

«ያ ጣሪያ ተዳፋት አንሶታል።»

ልጅቷ ልብ አለች፣ ግን ብልጥ ናት፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «እስቲ አንተ ሥራው» አለችና ላፕቶፑን ገፋ አደረገችላቸው።

እኔ በማግሥቱ ሾርባ ይዤ ስገባ ወንበራቸው ከግድግዳው ዞሯል። በግራ እጃቸው ማውሱን እንደ ድንጋይ ጨብጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ጥለው፣ ግንባራቸውን ቋጥረዋል። ስክሪኑ ላይ ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ በመስመር የተደረደሩ የሚያማምሩ ቤቶች። ቤቶቹ ፊት ግን ሰዎቹ ሁሉ እሳት ከበው ድንኳን ሥር ይንቀጠቀጣሉ። በረዶው ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት እያላቸው ምነው ውጭ አደሩ?»

«ግድግዳው አልደረቀም።»

«ምን?»

«ትናንት ነው የተገነባው። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ሰው አስገብቼ አላውቅም፣ አሁንም አላስገባም። ደረት ይይዛል።»

«አባዬ፣ ጌም ነው! ቤቱ እንዳለቀ ይገባል!» አለች ልጅቷ ከወጥ ቤት።

«ለሰነፍ ግንበኛ እንደዚያ ነው።»

በዚህ መሐል ከስክሪኑ አንድ የሐዘን ድምፅ ወጣ። ድንኳን ሥር የነበሩት ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ አንድ በአንድ፣ በበረዶው ውስጥ ወደ ጫካው መሄድ ጀመሩ። አንዲት ደንገጥ ያለች ፍየል ቀረች። ጽሑፍ መጣ፤ ልጅቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች አነበበችላቸው። «ሰዎችህ በብርዱ ምክንያት ትተውህ ሄደዋል ይላል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ወገቤን ይዤ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል? ሰው ተሰዶ ይሳቃል?»

«ኧረ ጋሼ! በዓለም ላይ ቤት ሠርቶ፣ ሰው ውጭ አሳድሮ፣ ግድግዳ የሚጠብቅ እርስዎን ብቻ አየሁ!»

ተቆጡ። ላፕቶፑን ዘጉት። ሾርባዬንም ሳይቀምሱ «ጨው በዝቶበታል» አሉ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ደስ አለኝ፤ ከወደቁ ወዲህ ስለ ግንብ ሲቆጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግሥቱ አዲስ መንደር ጀመሩ። ሰዎቹን ቤት ያስገቡ ነበር አሁን፤ ግን እየተንገሸገሹ፣ «ግባ እንግዲህ፣ ብትታመም እኔ የለሁበትም» እያሉ። ዕለት ዕለት እየሄድኩ አያለሁ። ሥራ አስፈትተውኛል፤ የሰው ኮት እጅጌ አልባ ሆኖ ተሰቅሎ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ «ጋሼ፣ ያ ዓሣ አጥማጅ ተኝቷል፣ ይቀስቅሱት» እላለሁ።

ችግሩ እንጨት ነበር። ጋሼ ቤቶቹን አራርቀው ነው የሠሯቸው፣ ለእያንዳንዱ ድፍን ግድግዳ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ምድጃ። በረዶው ሳያልቅ እንጨቱ ያልቃል። ልጅቷ ብትነግራቸው ብትነግራቸው አይሰሙም።

«አባዬ፣ ሁለቱን ቤት ብታያይዛቸውና መሐሉን ብትከፍተው አንድ ምድጃ ለሁለቱ ይበቃል። ጨዋታው እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ግድግዳ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

«የሰነፍ ሥራ ነው። ሰው በሩን ዘግቶ ካልተቀመጠ ቤት ምን ይሠራል?»

ያ መንደርም ተሰደደ። ከዚያም የሚቀጥለው። ፍየሏ ሁልጊዜ ትቀራለች። እኔ «ጋሼ፣ በቃ ለፍየሏ ብቻ ይሥሩላት፣ ጥሩ ተከራይ ናት» አልኳቸው። ያን ዕለት ስክሪኑን ትተው ግድግዳውን፣ የራሳቸውን ግድግዳ፣ ረጅም ጊዜ ሲያዩት ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ስገባ ሙዚቃው ተቀይሯል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቶ ይወርዳል። መንደሩ አለ! ሰዎቹ አሉ! ቤቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀዋል፤ በመሐላቸው ትንሽ ብርሃን ያለበት መስኮት ይታያል። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አለፉ» አሉ ጋሼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁሉም አለፉ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ አንድ ሽማግሌ አለ፤ አጠገቡ በተጣበቀው ቤት ደግሞ አንዲት ሴት በር ላይ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች።

«ጋሼ፣ ያቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺማ ብትሆኚ መንደሩ በወሬ ይሞቅ ነበር፤ እንጨት ምን ያስፈልጋል?»

ያንን ጨዋታ የሠራው ሰው የት እንዳለ አላውቅም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ። ባለበት ሰላም ይሁን። እኔ በጸሎቴ ካነሳኋቸው ሰዎች የማላውቀው እሱን ብቻ ነው።

ግን የልጅቷ የዕረፍት ፈቃድ ማለቁ አልቀረም። ልጅቷ ሻንጣ አወረደች። የአባቷን ሸሚዞች ስታጣጥፍ እኔ ልረዳት ሄድኩና አንዱንም ሳላጥፍ ቁልፎቹን ስነካካ ቆየሁ።

«እትዬ፣ እንደዚያ አትዪኝ» አለችኝ። «እኔም መውሰዱን ወድጄ አይደለም። ቢወድቅ ማን ይሰማዋል? ንገሪኝ። አንቺ ሰምተሽ ነበር?»

አልሰማሁም።

«ስልክ አንገትህ ላይ አንጠልጥል ስለው እንደ በግ ቃጭል አታንጠልጥሉብኝ አለ። ሠራተኛ ብቀጥርለት አባረራት። እኔ ምን ላድርግ?»

በዚህ ጊዜ ጋሼ ከሳሎን ተጣሩ። «መርፌ! ነይ እስቲ!»

ሄድን ሁለታችንም። ጋሼ ቆመዋል። በግራ እጃቸው መዶሻ ይዘዋል፣ መሮው በብብታቸው ሥር ነው፣ እርሳስ ጆሮአቸው ላይ። ድርብ ግድግዳው ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ራቅ ሳይል፣ በእርሳስ አራት ማዕዘን ተሥሏል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

«ያዥ» አሉና መዶሻውን ሰጡኝ።

«ምን ላድርገው?»

«ልብስ ስፊበት! ምን ይደረጋል በመዶሻ? ስበሪው።»

«አባዬ!» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ አንቺ። ማን ይሰማዋል አላልሽም? ጆሮዬ አልደከመም፣ እጄ ነው። ይህን ግድግዳ ሰው እንዳይሰማኝ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ፈቃዷ ከሆነ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ግድግዳው ያንቺም ነውና። ትፈቅጃለሽ?»

እኔ ነገር ሲበዛብኝ መቀለድ ነው የሚቀናኝ። ያን ጊዜ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ራሴን ብቻ በእሺታ ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን አቧራ አታንሱት። መርፌ ለለመደ እጅ መዶሻ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዛሉ፤ «መጀመሪያ ልስኑን! ጡቡን አትምቺው፣ መጋጠሚያውን! ኧረ ቀስ፣ ጠላትሽ ነው እንዴ?» ልጅቷ የላብራቶሪ ጓንቷን አድርጋ ፍርስራሹን በባልዲ ታወጣለች። ያን ሁሉ ጡብ እኔ አፍርሼ ስጨርስ ክንዴ የኔ አልነበረም። በመጨረሻ ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናዬ ታየች። ራሴን በሰው ቤት ቀዳዳ አጮልቄ የማይ መሰለኝ።

ከላይ ያለውን ጡብ የሚሸከም ጠንካራ እንጨት አስገባንበት፤ ልጅቷ ደግፋ ያዘችው። ጠርዙን መለሰኑ ቀረ። ሲሚንቶውን አቡክቼ የግንበኛ ማንኪያውን ላነሳ ስል ጋሼ ወሰዱብኝ። በቀኝ እጃቸው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሚንቶው ግማሹ ጫማዬ ላይ ወረደ። ቀስ ብለው አንዱን ጠርዝ ለሰኑ፣ አረፉ፣ ሌላውን ለሰኑ። ሲጨርሱ ራቅ ብለው አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት።

ወደ ግራ ወድቋል። የማያውቅ ሰው እንኳ ያየዋል።

ጠበቅሁ። አሁን ያፈርሱታል፣ አሁን «ድገሚው» ይሉኛል ብዬ። እሳቸው ግን ማንኪያውን ውሃ ውስጥ ከተቱና «ይሁን» አሉ።

ልጅቷ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። «እትዬ፣ ቤትሽ ግቢ» አለችኝ ከውስጥ። ዞሬ ሄጄ መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩ። በጉልበቷ አልጮኸችም፤ አንድ የወደቀ ሽማግሌ በሚጣራው ድምፅ ያህል ነው የተጣራችው። «መርፌ» አለች። የአባቷን ድምፅ አስመስላ።

«ወይ!» አልኳት።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ሸሚዞቹ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲመለሱ መስቀያው ቀጭ ቀጭ ሲል ሁሉ ሰማሁ። ግድግዳ እንደዚያ ቀን ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም።

ሲረጋጋ ሾርባ አሞቅሁ። እንግዲህ በበሩ መዞር ምን ያደርግልኛል? ሳህኑን ይዤ ወደ አዲሷ መስኮት ተጠጋሁ።

«ተይ!» አሉ ጋሼ ከወዲያ ማዶ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «እርጥብ ነው! እስኪደርቅ እንዳትነኪው! ለሁለት ቀን ዞረሽ በበሩ ነይ።»

ልጅቷ ከኋላቸው ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ትስቃለች። «አባዬ፣ ሰዎችህ ይሄዱብሃል።»

ጋሼ ግድግዳውን አዩ። እኔን አዩ። የሾርባውን እንፋሎት አዩ።

«ጠርዙን እንዳትነኪ እንግዲህ» አሉ፣ ሁለት እጃቸውንም፣ ደካማዋንም ጭምር፣ በመስኮቱ ዘርግተው። «ቀስ ብለሽ አሳልፊው።»

አሳለፍኩት። ክርኔ ልስኑን ነካው፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። ደርቋል።