አርባ አንዱ ልጆች

የመድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳላነብ አንድ ክኒን አልውጥም፤ ልጆቼንም አላስውጥም። የከፋው ነገር ሁልጊዜ ከታች፣ በደቃቁ ፊደል ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ልጄ ጆሴት በመጋቢቱ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ቤት መጥታ አሥራ አራት ገጽ ጥናት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ፣ ሳልጠየቅ መነጽሬን አደረግሁ።

መምህሯ የሰጣት ሥራ አንድ ጥናት መርጦ ማንበብና መደምደሚያው የሚታመን መሆን አለመሆኑን መርምሮ መጻፍ ነው። ከኮርሱ ውጤት አርባ በመቶ ይይዛል። ባለፈው መንፈቅ ኬሚስትሪ ጎድቷታል። አማካይ ውጤቷ ከቢ ከወረደ ስኮላርሺፑ ይቆማል። ከቆመ የሚጠብቃትን አውቀዋለሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለአንድ በጋ ብዬ የገባሁበት የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ዛሬም ገንዘብ ተቀባይ ነኝ።

ጆሴት የመረጠችው ስለ እኛው ከተማ ስለ ራምስዴል የተጻፈ ነው፤ ከወረቀት ፋብሪካው በታች ስላለው የጉድጓድ ውሃና ስለ ልጆች ኩላሊት። ጥናቱ ሲካሄድ የምንኖረው እዚያው ወንዝ ዳር ነበር። የወንድሟ የሬሚ ደምና ሽንትም ለዚህ ጥናት ተወስዷል። አራት ዓመቱ ነበር። አሁን ሃያ አንድ ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን በማሽን ይታጠባል።

"እኔ አለሁበት?" አለ ሬሚ ከሶፋው ሳይነሳ።

"ስም የለም። ቁጥር ነህ።"

"ቆንጆ ቁጥር ከሆንኩ ይበቃኛል።"

"ዝም በል አንተ፣ ላንብብበት!"

ማንበብ ካሉት ነው። ፊት ያለችውን አጭር ማጠቃለያ አየች፤ ወደ መደምደሚያው ዘለለች፤ መሃሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ማድመቂያ ብዕሯን አነሳች።

"ጨረስሽ?" አልኳት።

"እማ፣ ሁሉንም ማንም አያነብም። ፕሮፌሰሮቹም እንዲህ ነው የሚያነቡት።"

መደምደሚያውን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። "በወንዙ ዳር በሚኖሩና ራቅ ብለው በሚኖሩ ልጆች መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም።" ጥናቱ የወጣ ዓመት፣ በከተማው ዓመታዊ ስብሰባ፣ ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ውስጥ ሰብሳቢው ይህችን መስመር ብቻ አነበበልን። ከዚያ የከተማው የውሃ ቧንቧ እስከ ወንዝ ዳር ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ ተባለና እጅ አወጣን። ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም። የተማሩ ሰዎች ካሉት ብዬ "አያስፈልግም" ካሉት ጋር እጄን አወጣሁ። ቧንቧው አልመጣም።

አሁን ግን ወረቀቱ እጄ ገባ። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ሥር፣ በደቃቁ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ ከተመዘገቡት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ሦስተኛውን ምርመራ ያላጠናቀቁት አርባ አንዱ በስሌቱ አልተካተቱም።

"ጆሴት፣ ሬሚ ሦስተኛውን አልተመረመረም።"

"እንዴት?"

"የዚያን ጊዜ ፖርትላንድ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ትቀጥላላችሁ ወይ ብለው ደብዳቤ ላኩ። የት ጊዜ ነበረኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ሌላስ የቀረ ታውቂያለሽ?"

"የእነ ፔልቲየር መንታዎች። እነሱም ያን ሰሞን ለሕክምና ቦስተን ነበሩ። ሌሎቹን አላውቅም።"

"የቀሩት የታመሙት ከሆኑኮ…" አለች። "ጤነኞቹን ብቻ ቆጥረው ልዩነት የለም አሉ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል፣ እማ። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ሊሆን ይችላል።"

ከዚያ አሥራ አራቱንም ገጽ እንደ እኔ አነበበችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሠንጠረዡን በጣቷ እየተከተለች። ከሰዓቱን ሁለት ገጽ ጻፈችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። አርባ አንዱ ልጆች ለምን ቀሩ? ጥናቱ አይነግረንም። ከአርባ አንዱ አንዱ ወንድሜ ነው። ሬሚ አልቀለደም።

እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጬ የጸሐፊዎቹን ስም አየሁ። አንደኛው እሷ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው።

"አውጪው" አልኳት።

"ምኑን?"

"የአርባ አንዱን ነገር። ይሄ ሰውዬ ከመምህርሽ ጋር ምሳ ይበላ ይሆናል።"

"እማ ደግሞ! ሥራው እኮ ይሄ ነው። መርምሩ ነው የተባልነው።"

"መርምሩ ይሉሻል፤ ስትመረምሪ ደግሞ አንቺ ማነሽ ይሉሻል።"

"እሺ፣ ወንድሜን ላውጣ። የግል ነገር ነው። ጥያቄው ግን ይቆይ።"

"ጥያቄውም ይውጣ! ቢቀየምሽ እኔ ነኝ የማስተምርሽ? በምኔ?"

ወደ ሬሚ ዞረች።

"እኔን አትዪኝ" አለ። "እኔ ከስሌት ውጪ ነኝ።"

አወጣችው። በቦታው "ከተመዘገቡት ልጆች ሰማንያ አንድ በመቶው ጥናቱን ጨርሰዋል፤ ይህ በቂ ነው" ብላ ጻፈች። ዓርብ ላከችው። ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ባቄላውን በሞላሰስ፣ በጥቁሩ የስኳር ሽሮፕ፣ ጋግሬ ቋሊማ ጠበስኩ፤ ከስንት ቀን ጭንቀት በኋላ ምግብ በላሁ።

ውጤቱ የመጣው ለፋሲካ ቤት እያለች ነው። ስልኳን አየችና ወደ እኔ አዞረችው። ሲ ፕላስ። ከሥሩ መምህሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

"አጻጻፍሽ ንጹሕ ነው። ነገር ግን አርባ አንድ ልጆች ጎድለዋል። እነማን ነበሩ? ለምን ቀሩ? የዚህ ጥናት ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ አንቺ 'በቂ ነው' ብለሽ አለፍሽው። የዚያ ከተማ ልጅ ነኝ ብለሽ እንደ መጻፍሽ ከማንም በፊት ትጠይቂዋለሽ ብዬ ነበር።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ ሊመጣ የሚችል ክፉ ነገር ሁሉ አስቤ አውቃለሁ። ሰውየው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

"የመጀመሪያውን ላኪለት" አልኳት። "ሁለቱን ገጽ። እናቴ ናት ያስወጣችኝ በይው።"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"እንደገና ጻፊው!"

"እማ፣ ጊዜው አልፏል። አንዴ የተሰጠ ውጤት አይቀየርም።" ወረቀት አውጥታ ደመረች፤ እንደገና ደመረች። የመጨረሻውን ፈተና መቶ ከመቶ ብታገኝም ከኬሚስትሪው ጋር ሲደመር አማካይዋ ቢ አይደርስም።

ሬሚ ከእጥበት ተመልሶ ገባ፤ ክንዱ ላይ ፋሻው አለ። ፊታችንን አየ።

"ምን አለ ሰውየው?"

"ስለ አንተ ጠየቀ" አለች ጆሴት።

"እውነት? ምን ብለሽ መለስሽለት?"

"ምንም።"

ሳቀ፤ የቀለደችበት መሰለው። ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀች።

"እማ፣ መደብራችሁ ሰው ይፈልጋል?"

የሠራተኛ ይፈለጋል ማስታወቂያውን ሰኞ ዕለት መደብሩ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

"ይፈልጋል" አልኳት።