የሻይ ብርጭቆው

ሕፃኗ እንደገና አለቀሰች። እናቷ ልብሷን ገልጣ ስታይ ሽፍታው ከትናንቱ ብሶ እስከ አንገቷ ወጥቷል።

«በእኔ ጡት ነው እማማ» አለች ለአማቷ። «ወተት ተውኩ፣ እንቁላል ተውኩ፣ ከእንግዲህ ምን ልተው?»

እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። እጃቸውን ሲያሳክካቸው ሰንብቷል፣ ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የልጅ ልጃቸው ከተወለደች ወዲህ የልብሷ አጣቢ እሳቸው ናቸው። ይቺንም ሥራ ከተቀሙ በልጃቸው ቤት እንደ አሮጌ ወንበር ጥግ ይዘው መቅረታቸው ነው።

ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለውን የልብስ ገመድ ይወዱታል። ፊደል ባይቆጥሩም ገመድ ያነባሉ። የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ ሸሚዙን ራሱ ካሰጣ ሚስቱ አኩርፋ ሄዳለች፤ የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ባለአበባውን ቀሚስ ካጠበች ያጫት ልጅ ሊመጣ ነው። ምራታቸው ልብስ በታጠበ ቁጥር የሚጨመር ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ስትገዛማ፣ «የእኛ ቤት ጨርቅ እኮ እንደ ሐኪም ቤት ነው የሚሸተው» ብለው ስንቷን ጎረቤት አስቀንተዋል።

ረፋድ ላይ ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናት የምታየው የጤና ጣቢያ ነርስ መጣች። ሕፃኗን አገላብጣ አየች፣ የታጠፈውን ጨርቅ አንስታ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ያዘች።

«ማነው የሚያጥበው?»

«እኔ» አሉ እማማ።

«ከፈሳሹ ስንት ያደርጉበታል?»

እማማ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስዕል አሳዩ። «እንደታዘዘው ነዋ። አንድ የሻይ ብርጭቆ!»

ነርሷ የጠርሙሱን ክዳን ፈታች፣ ገልብጣ ከስዕሉ አጠገብ ያዘችው። ቁርጥ እሱ። የተሳለው ብርጭቆ ሳይሆን ክዳኑ ነበር።

እማማ ክዳኑን ተቀብለው አገላበጡት። ሁለት ወር ሙሉ! ይቺ ልጅ እንቁላሏን ስትተው!

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ምራታቸው ፈጠን ብላ። «ልኩን ሳላሳያቸው ነው የሰጠኋቸው።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። እንቅልፋም ናት፣ ጨው አታውቅም ብለው ስንት ጊዜ አምተዋታል።

«እንግዲያው በክዳኑ እንለካ?» አለች ምራትየዋ።

«ለምን ብላችሁ? የታመመ ሰው የለባችሁ። ለየቀኑ ልብስ ሳሙና፣ ሞቅ ያለ ውሃ፣ በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። ፀሐይም አላችሁ። የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው ሰው ሲኖር ያኔ አውጡት፤ ያኔም በክዳኑ። ሽፍታው በጥቂት ቀን ካልለቀቃት ወደ እኔ አምጧት።»

«እናቴም እንደዚሁ ነበር የምታጥበው» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ የሠለጠንኩት።»

ምራትየዋ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ነርሷን ሸኝታ ተመለሰችና የጨርቁን ቅርጫት አነሳች። ‘ተቀማሁ’ አሉ እማማ በልባቸው። ቅርጫቱን ግን እሳቸው እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ሁሉንም እንደገና እናለቅልቀው። ውሃውን እኔ አመጣለሁ፣ እርስዎ ያሳዩኝ።»

ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ሁሉ ጣሪያው ላይ ተሰጣ። አንዷ ጎረቤት ከወዲያኛው ገመድ አሽትታ፣ «ምነው እማማ፣ ሐኪም ቤቱ ዛሬ ተዘጋ?» አለች።

እማማ ለወሬ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ጨርቅ የምትጨምቀውን ልጅ አዩ።

«ምራቴ ናት ያጠበችው» አሉ ጮክ ብለው። «እጇ እንዴት ያለ እጅ መሰለሽ!»

ቀድሞ የደረቀውን ጨርቅ ከገመዱ አንስተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። ምንም አይሸትም። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አሸተቱት።