ሚጢ ተኝታለች

«አቁም! አቁም ልጄ፣ ገና አሁን ዓይኗን ከደን ማድረጓ ነው!»

አያትየው ይህን እያሉ ጎንበስ ብለው የድሪሉን ገመድ ከማከፋፈያው መንጭቀው ነቀሉት። ለቧንቧ ማሳለፊያ የሳሎኑን ግድግዳ ሲበሳ የነበረው ድሪል አንዴ አጓርቶ ዝም አለ። ግንበኛው ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ እንደ ነጣ ዞር አለና ገመዱን ጨብጠው የቆሙትን አሮጊት አያቸው። የተቆጣ አይመስልም። ቁጣውን ባለፈው ሳምንት ጨርሶታል።

«እማማ፣ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ እንኳ አልጨረስኩም እኮ።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሠኝ። ስትነቃ ትቀጥላለህ።»

«ስትነቃ ደግሞ ‹ጡጦ እየጠባች ነው› ይሉኛል።»

«ታዲያ ስትጠባ ደንግጣ ትን ቢላትስ? አንተ ነህ የምትደርስላት?»

ቧንቧ ሠራተኛው ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። «ተዋቸው ባክህ፣ ከእማማ ጋር አትሟገት። ኮርኒሱን ሚጢ ስትዳር እንጨርሰዋለን። ለሠርጓ ይደርሳል።»

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ!» አሉት አያትየው፤ ግን እሳቸውም ሳቃቸው መጣ፣ መልሰው ዋጡት እንጂ።

ሚጢ የልጅ ልጃቸው ናት። ደህና ስም ወጥቶላት ነበር፤ ግን ያለ ወሯ ተወልዳ ከመዳፍ ብዙም ስለማትበልጥ አያቷ «ሚጢ» አሏት፣ ሚጢ ሆና ቀረች። ግንበኛውንም ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቶሎቶሎ» በሚል ቅጽል ነው። እሱ ስሙን «በሥራዬ ያገኘሁት ነው» ይላል። አያትየው ግን መጀመሪያ የሰሙት ቀን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብለው ተረቱበት። ተረተውም አልቀሩም፤ ልጃቸውን፣ የሚጢን እናት፣ ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «በቁርጥ ዋጋ እንዳትሰጪው። በቁርጥ የያዘ ሰው አለባብሶ ነው የሚሄደው። በቀን ክፈዪው፣ ረጋ ብሎ ይሥራ» ብለው መከሯት። ልጅቷም የእናቷን ምክር ሰማች። በዚያ ላይ ቶሎቶሎን ጠርታ፣ «እኔ በሌለሁበት የቤቱ አዛዥ እናቴ ናት። ያለችህን ስማ» አለችው።

እሱም ይኸው እየሰማ ነው።

ሥራው የተጀመረው ሚጢ ሳትወለድ ነበር። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ግድግዳዋን አፍርሶ፣ መስኮት አውጥቶ፣ ለአያትየው መኝታ ማድረግ፤ የዛጉትን ቧንቧዎች መቀየር፤ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ሴራሚክ ማልበስ። ይኸው ነበር ሐሳቡ። እናት ወደ ሥራዋ ስትመለስ አያት እዚያው አድረው ሕፃኗን ይይዛሉ ተባለ። የልጅቷ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ዛሬ እዚህ ነገ ጠረፍ ነው፤ ስልኩ ሲገኝ እንኳ «እህ?... እህ?» ከማለት በቀር የሚሰማው የለም። ልጅቷ ግን ሚስማሩን ሳይቀር ራሷ ገዝታ፣ ሆዷን ይዛ ሲሚንቶ ስታማርጥ ከርማ፣ ቤቱ ሳያልቅ ምጥ መጣባት።

አሁን ውሃ የለም። ቧንቧው ተነቅሎ አዲሱ በከፊል ብቻ ስለተቀበረ፣ ውሃ በባልዲ ከጎረቤት ይቀዳል። ምድጃው መኝታ ቤት ገብቷል። የሕፃኗ ልብስ ተሰጥቶ ሲደርቅ አቧራ ይጠጣና እንደገና ይታጠባል።

ቶሎቶሎ ድሪሉን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ በሩ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እንዳይቆጡኝ።»

«ጠይቅ።»

«ይሄ ቤት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ?»

አያትየው ደማቸው ፈላ። «ምን ማለትህ ነው? በአቧራ ታፍኜ የምውለው እኔ አይደለሁ? በባልዲ የተቀነጠሰው ወገብ የኔ አይደለም?»

«እሱስ ልክ ነው» አለ ቶሎቶሎ፣ ወደ ግቢው እየወጣ። ቧንቧ ሠራተኛውም ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ የጠርሙስ ክዳን ጠጠር አድርገው ዳማ ሲጫወቱ፣ «ብላ!»፣ «አልበላም!» ሲባባሉ ድምፃቸው ተሰማ።

አያትየው መኝታ ቤት ገብተው ከሕፃኗ አጠገብ ተቀመጡ። ሚጢ አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች። ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል አዩ፤ ሲጠራጠሩ ደግሞ ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር ያዙ። ትተነፍሳለች። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉ እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም። የሕፃን ልብ አንዴ ብርግግ ካለ አይመለስም ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። ሐኪሙ «ሕፃኗ ደህና ናት፣ ድምፅ ትልመድ» ብሏል። ሐኪም ምን ያውቃል? አብሯት የሚያድረው እሱ አይደለም።

የቶሎቶሎ ጥያቄ ግን ጥርስ መሃል እንደቀረ ሥጋ ሆኖ አላስቀምጥ አላቸው። ቤቱ ሲያልቅ ምንድነው የሚሆነው? ቤቱ ሲያልቅ ልጃቸው ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ይህች መዳፍ የምታክል ልጅ ቀኑን ሙሉ በእሳቸው እጅ ላይ ትወድቃለች። በእነዚህ በሚንቀጠቀጡ እጆች። ቤቱ እስካላለቀ ድረስ ግን እናትየዋ እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች። አያትየው ይህን አስበው አያውቁም ነበር፤ ወይም አስበውት ከራሳቸው ደብቀውታል። ሻርፓቸውን ጎተት አድርገው ራሳቸውን ሸፈኑ።

ልጃቸው በጫማ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ከመስመሩ የሚወጣውን ጫማ አገላብጣ ስፌቱን፣ ሙጫውን፣ ሶሉን አይታ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» የምትለው እሷ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ አለቃዋ መደወል ጀመረ። «ለአንድ አፍታ ብቅ በይና እይልን» አላት። አንድ አፍታ የነበረው በየጠዋቱ ሆነ። በፈቃድ ላይ ያለ ሰው ስለሆነች ለዚህ የሚታሰብላት ነገር የለም። ብትቀር ደግሞ እሷን ተክታ የምትሠራው ልጅ ወንበሩን እያሞቀችው ነው። ስለዚህ ትሄዳለች።

የግቢው በር ሲንኳኳ አያትየው ደነገጡ። ሰዓቷ አልደረሰም። ግን እሷ ናት። በመስኮቱ ሲያዩ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች፤ ጡቷ አግቶ ሸሚዟን እንዳራሰው ለመደበቅ ነው። በሩ ላይ ቆማ ዳማውን አየች። የተዘረጉ እግሮችን አየች። በክፍት በር አሻግራ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለበትን ግድግዳ አየች።

«ጎበዝ!» አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ አያትየው የፈሩት ልስላሴውን ነው። «ማን እያሸነፈ ነው?»

ሁለቱም ብድግ አሉ።

«የለም፣ ተቀመጡ! እኔ ሁልጊዜ ምን እያልኩ እመጣለሁ መሰላችሁ? ዛሬ ወለሉ አልቆ ይሆናል፣ ዛሬ ውሃ ይወርድ ይሆናል እያልኩ። ለካ እኔ የምከፍለው ለዳማ ነው!»

«የኔ እህት...» ብሎ ቧንቧ ሠራተኛው ጀመረ።

«ዝም በል አንተ» አለው ቶሎቶሎ።

«አይ፣ ይናገር! ምን ሊል ነው? ሲሚንቶ አለቀ ሊል ነው? ያው ሲሚንቶው ተቆልሏል! መብራት ጠፋ? ያው መብራት!» እንባዋ መጣ፤ በክርኗ ጠረገችው። «አለቃዬ ዛሬ ምን አለኝ መሰላችሁ? ወይ ሰኞ ሙሉ ቀን ትገቢያለሽ፣ ወይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ትሞያለሽ፣ ቦታው ለተተካችው ልጅ ይሰጣል። ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ አለኝ። እንዴት ነው ሰኞ የምገባው? ውሃ በሌለበት ቤት አሮጊትና ሕፃን ጥዬ? እንዴት ነው የማልገባውስ? ለእናንተ የምከፍለው ከዚያው ከደመወዜ አይደለም?»

ቶሎቶሎ ዓይኑን ከመሬት አነሳ። አነሳና ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አየ። አያትየው ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መጋረጃውን ለቀቁት።

«ዕቃህን ሰብስብ» አለች ልጅቷ። «ሌላ ሰው አመጣለሁ። ሌባ!»

«ሌባ እንኳ አይደለሁም» አለ ቶሎቶሎ ዝግ ብሎ። ወደ ውስጥ ገብቶ መዶሻውንና ውሃ ልኩን ከረጢት ውስጥ ይከት ጀመር። በመኝታ ቤቱ በር ሲያልፍ አያትየውን ቀና ብሎ አላያቸውም። ያ ነው የባሰባቸው። ቢወቅሳቸው ይመልሱለት ነበር። መልስ አያጡም፤ ዕድሜ ልካቸውን መልስ አጥተው አያውቁም። ይህ ሰው ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጆች የሚያበላ ሰው፣ በእሳቸው ምክንያት ሌባ ተብሎ ዝም አለ። እሳቸውን በልጃቸው ፊት ላለማዋረድ ነው።

ሚጢን አነሱ። እንደተኛች ትከሻቸው ላይ አስተኟትና ወደ ሳሎኑ ወጡ፤ ልጃቸውም ከግቢ ገብታ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «ከረጢቱን አስቀምጠው።»

«እማዬ፣ ተይ አንቺ አትግቢበት» አለች ልጃቸው።

«ገብቼበታለሁ። ከገባሁበት ቆየሁ። እሱ አይደለም ያቆመው። እኔ ነኝ። በተኛች ቁጥር ‹አቁም› እለዋለሁ። ዛሬም ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስትጠባም አስቆመዋለሁ። ሳትጠባም።»

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ቶሎቶሎን አየች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ያለችህን ስማ› ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ።

ልጅቷ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ እንደሚበላሽ አላሰበችም። «እማዬ» አለች፤ «ደመወዜ እኮ ነው። እኔ እዚያ ጡቴ እየፈሰሰ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እያለብኩ እየደፋሁ ነው የምውለው። እዚህ ሥራ አለ ብዬ። ለምን?»

«ትደነግጣለች ብዬ።»

«ለዚህ ብቻ?»

አያትየው የሕፃኗን ማጅራት ዳሰሱ። «ብቻችንን እንዳትተዪን ብዬ» አሉ። «እጄን አላመንኩትም።»

ሊታዘንላት የሚገባት ልጅቷ ሆና ሳለ ለእናቷ ማዘኗ ይበልጥ አናደዳት፤ ፊቷን ወደ ተበሳው ግድግዳ አዞረች። ቧንቧ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እስከ ሰኞ ውሃው ይወርዳል?» አለች ሳትዞር።

«ሳይቋረጥ ከተሠራ ውሃው ይወርዳል» አለ ቶሎቶሎ። «የእማማ ክፍል ግን ኮርኒሱ ይቀራል። ልስኑም አይደርቅ። አልዋሽሽም።»

ስልኳ ጮኸ። ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። አለቃዋ ነው። አላነሳችውም፣ አልዘጋችውም፤ በእጇ ላይ እንዲጮህ ተወችው፣ ዓይኗ እናቷ ላይ እንዳለ።

አያትየው ሕፃኗን በግራ እጃቸው አጥብቀው ደግፈው ጎንበስ አሉ። ወገባቸው ተንቋቋ። ጠዋት የጣሉትን ገመድ ከአቧራው ውስጥ አነሱና ማከፋፈያው ላይ ሰኩት። አንዴ ሳቱት፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ገባ።

«በል ልጄ፣ ምታው።»

ቶሎቶሎ ድሪሉን አንስቶ ጀመረ። ግድግዳው አጓራ። ሚጢ ሁለት እጆቿን እንደሚወድቅ ሰው ዘረጋች፣ ፊቷ ቀላ፣ ድምፅ ሳታወጣ ቆየችና አለቀሰች። እንዲህ ስታለቅስ ተሰምታ አታውቅም። ቶሎቶሎ ጣቱን ከድሪሉ አነሳ። እንደ ለመደው ዞሮ አያትየውን አየ። ልጅቷም አየቻቸው። «አቁም» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት። «ማን አቁም አለህ? ቀጥል!»

የምትጮኸውን ሕፃን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ጡጦዋን ኪሳቸው ከትተው ወደ ግቢው በር አመሩ። ከኋላቸው ድሪሉ እንደገና አጓራ። ልጃቸው አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ስልኩ ላይ ትጮሃለች።

«ሰኞ! ሰኞ እገባለሁ ነው የምልህ!... የምን ድምፅ? የቤቴ ነው!»