የወይዘሮ ሜይፊልድ ጃንጥላ

ግዌኔት ልጅ ስትጠብቅ መቀመጥ አትወድም። የተቀመጠ ሰው ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል፤ በተለይ ጉልበቱ እንደ እሷ ጉልበት ከሆነ። በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ ምሽትም፣ ባሕሩ ዳር ባለው የመዝናኛ መንደር አዳራሽ ውስጥ፣ የልጇ ባንድ ዕቃውን ከሚያስተካክልበት ሰዓት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗ ከቴጋን አልተነቀለም። ቴጋን የስድስት ዓመት የልጅ ልጇ ናት፤ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከመድረኩ ሥር ከሌሎቹ ልጆች ጋር በጉልበቷ እየተንሸራተተች ወለሉን ትወለውላለች።

"እማ፣ ተቀመጪ እንጂ። ዘበኛ የተቀጠርሽ አስመሰልሽው እኮ" አላት ልጇ ኤምሪስ ከመድረኩ ጎንበስ ብሎ።

"እኔ ደህና ነኝ። ይልቅ የጎኑን በር ንገራቸው። አይገጥምም፤ ነፋስ ይከፍተዋል።"

"እሺ፣ ነፋሱን እነግረዋለሁ።"

ኤምሪስ በአዘቦት ቀን የቤት ማሞቂያ ይጠግናል። ቅዳሜ ሲመጣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሰዉ በወጣትነቱ የጨፈረባቸውን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ይጫወታል። የራሳቸው ዘፈን አንድም የላቸውም፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሚስቱ ነርስ ናት። የዚያን ቀን ተረኛ ስለነበረች ልጅቷን ለግዌኔት አደራ ብላ ሄዳለች። ያ አደራ የሚለው ቃል ከጠዋት ጀምሮ ከግዌኔት ጆሮ አልወጣም።

አዳራሹን ከልጇ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አሥራ አንድ በጋ እዚሁ መንደር ውስጥ የእንግዶችን ክፍል ስታጸዳ ኖራለች። ባሕሩ ከአዳራሹ ጀርባ መቶ እርምጃ እንደማይርቅ፣ በሚሞላበት ሰዓት ውሃውን ከሚያግደው ግንብ ሥር ያለው አሸዋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ድራሹ እንደሚጠፋ ታውቃለች። የዚያን ምሽት ባሕሩ ሙሉ የሚሆነው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። የባሕሩን ሙላት ሰዓት ከሚያሳውቀው ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ቴጋን ውሃ ጠማኝ አለች።

"እዚሁ ቆይ፤ አባትሽ የሚያይሽ ቦታ።"

"እማማ፣ አባዬ ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል እኮ።"

"ዘፈኑ ሲያልቅ ይከፍተዋል።"

መጠጥ መሸጫው ጋ ሰልፍ ነበር። ግዌኔት በየደቂቃው እየዞረች ቢጫውን ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ታገኘዋለች፤ ትዞራለች። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ለስድስት ሰው ቺፕስ እያዘዘ፣ የማን ኮምጣጤ ይኑረው የማን አይኑረው እያለ ይቆጥራል። በዚህ መሐል ዘፈኑ አለቀና አንዲት ሠራተኛ ለኤምሪስ ብጣሽ ወረቀት አቀበለችው። ልማዱ ነው። ባንድ ሲጫወት የመንደሩ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ ውስጥ አይሰማም፤ ስለዚህ የልደት ምኞቱም፣ መብራቱ ሳይጠፋ የቆመው መኪናም በዘፋኙ ማይክሮፎን ይነገራል።

"እስቲ ደግሞ ይሄን እንይ" አለ ኤምሪስ። "'የወይዘሮ ሜይፊልድ ጃንጥላ ጠፍቷል። ያየ ሰው ለእንግዳ መቀበያው ይንገር።' ወይዘሮ ሜይፊልድ፣ ዝናብ በማያባራበት ዌልስ መጥቶ ጃንጥላ መጣል ማለት እኮ ጭንቅላትን ቤት ረስቶ መውጣት ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሂው "የኔን ትውሰድ፤ የጎደለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው" አለ። ሳቁ ጨመረ። ከበሮው ቀጠለ።

ግዌኔት አልሳቀችም።

ወይዘሮ ሜይፊልድ የምትባል ሴት የለችም። ኖራም አታውቅም። በግዌኔት ጊዜ ያ ቃል ሲነገር ሠራተኛው ሁሉ መጥረጊያውን ጥሎ ወደተመደበበት በር ይሮጥ ነበር። ልጅ ጠፍቷል ማለት ነው። እንግዳው እንዳይሸበር፣ ልጁን ይዞ የሚሄድ ክፉ ሰው ካለም እንዳይነቃ በጃንጥላ ይሸፈናል። ለማንም አንናገርም ብለው ፈርመው ስለነበር ለልጇ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ሰልፉን ጥላ ወደ መድረኩ ገሰገሰች። ጓደኛቸውን ሊድሩ የመጡ ሴቶች ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፤ አንዷ እጇን ያዘቻት። "ነይ እናቴ፣ አብረን እንወዝውዘው።" እጇን መነጨቀች። ያን ክብ ዞራ እስክታልፍ ዘፈኑ ሊያልቅ ደርሷል። ከመድረኩ ሥር ልጆች አሉ። ቢጫ ቀሚስ የለም። የቴጋን ሮዝ ሹራብ ብቻ የድምፅ ማጉያው ሣጥን ላይ ተንጠልጥሏል።

የጎኑ በር ላይ፣ ቅድም ማንም ባልነበረበት፣ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ሰክታ ቆማለች። ግዌኔት ተጠግታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"የጃንጥላው ነገር…"

ልጅቷ ክው አለች። "እርስዎ ደግሞ እንዴት…"

"እዚህ ሠርቻለሁ።"

"እንግዲያው አይጨነቁ። እየተፈለገ ነው፤ በየበሩ ሰው አለ። ደንቡን ያውቁታል አይደል? ካሉበት እንዳይነቃነቁ።"

ታውቀዋለች። የልጁ ሰው፣ ልጁን መጨረሻ ካየበት ቦታ ፈቅ አይልም። ስንት የሚያለቅሱ እናቶችን ትከሻ ይዛ ይህንኑ ብላቸዋለች። ሹራቡን አንስታ ሣጥኑ አጠገብ ቆመች። ለኤምሪስ ልንገረው አለች፤ ተወችው። ቢሰማ ዘሎ ይወርዳል፤ ሰዉ ይሯሯጣል፤ በሮቹ ይጨናነቃሉ፤ ልጅ የያዘ ሰው በግርግሩ ይወጣል። ሁሉንም በሆዷ አሰበችው። አንድ ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። የሹራቡን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈቻቸው፤ ፈታቻቸው፤ ደግሞ ቆለፈቻቸው። ያቺ ልጅ ዋና አትችልም። ለእናቷ ምን ይባላል? ውሃ ልገዛላት ሄጄ ነው ይባላል?

አምስተኛው ዘፈን እንዳለቀ ሁለተኛው ወረቀት መጣ።

"የምሥራች" አለ ኤምሪስ። "የወይዘሮ ሜይፊልድ ጃንጥላ ተገኝቷል። አሁን ዝናቡ ይምጣ።"

ግዌኔት ፊቷን በሹራቡ ሸፍና አለቀሰች። ተመስገን አለች፤ ደግማ ተመስገን አለች፤ እያነከሰች ወጣች። የጎኑ በር ላይ ማንም የለም። ነፋሱ መዝጊያውን ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል።

እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት የማይሞላው ወንድ ልጅ ተቀምጦ ብስኩት ያኝካል። አባቱ ወገቡን ይዞታል።

"የኔዋስ?" አለች ግዌኔት።

"የትኛዋ የርስዎ?" አለ ተቀባዩ።

"ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው። ስድስት ዓመቷ ነው።"

ሰውዬው መዝገቡን አላየም፤ እሷን ነው ያየው። "እናቴ፣ የጠፋው ይሄ ብቻ ነው። ሌላ ያመለከተ ሰው የለም።"

ያላመለከተችው እሷ ናት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ ሲፈለግ የራሷ የምትፈለግ መስሏት፣ ሹራብ ታቅፋ ደንብ ስታከብር ቆይታለች። የግድግዳው ሰዓት ለሁለት አምስት ጉዳይ ይላል።

ወደ አዳራሹ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። የመድረኩን ደረጃ በአራት እግሯ ወጣችው። ኤምሪስ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘፈነ ነበር፤ ማይክሮፎኑን ከአፉ ላይ ነጠቀችው።

"እማ፣ ምን ሆነሻል?"

"የወይዘሮ ሜይፊልድ ሌላኛዋ ጃንጥላ ጠፍታለች" አለች። ድምጿ በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ። "ቢጫ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው።"

አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት አስተናጋጅ ግን ትሪዋን መሬት ላይ ጥላ ወደ በሩ ሮጠች፤ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ሳቁ ከኋላ ወደፊት እየተቆረጠ መጣ። ኤምሪስ የእናቱን ፊት አየ፤ ሹራቡን አየ፤ ከመድረኩ ሥር አየ። ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ዘለለ።

በጎኑ በር ወጡ። ፀሐይዋ አልጠለቀችም። እነሱ ከሰነበቱባቸው ተጎታች ቤቶች የሚመጣው አቋራጭ በባሕሩ ግንብ አናት ላይ ነው፤ ግዌኔት በዚያ እንዳይኬድ ከሰኞ ጀምሮ ስታስጠነቅቅ ሰንብታለች። ግንቡ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። በአንድ በኩል ሣር፣ በሌላው በኩል ባሕሩ ሞልቶ ድንጋዩን እየላሰ ነው። በግንቡ አናት ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይመጣል። የግዌኔት ጃንጥላ ነው። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮችና የቢጫ ቀሚስ ጫፍ ይታያል።

ኤምሪስ ሊጣራ አፉን ሲከፍት እናቱ በእጇ ከደነችው።

"አትጥራት። ከደነገጠች ነፋሱ ይዟት ይሄዳል።"

ጊታሩን ሣር ላይ አጋድሞ ሄደ፤ ሳይሮጥ። ግዌኔት ባለችበት ቀረች። ነፋሱ ጃንጥላውን ወደ ባሕሩ ሲስበው እግሮቹ ተጠላለፉ፤ እንደገና ቀጥ አሉ። ልቀቂው፣ አለች በሆዷ፣ ልቀቂው የኔ ልጅ። ጠዋት ያንኑ ጃንጥላ ስትሰጣት ምን እንዳለቻት ግን ታስታውሳለች፦ ነፋስ ሲመጣ አጥብቀሽ ያዢው፣ እንዳትለቂው። ልጅቷም ሰሚ ናት። በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች።

ኤምሪስ ደረሰ። ወገቧን አፈፍ ሲያደርግ ጃንጥላው አመለጠ፤ አንዴ አየሩ ላይ ተገለበጠና ባሕሩ ላይ አረፈ።

ቴጋን ታለቅስ ጀመር። "የእማማን ጃንጥላ ጣልከው፤ ላበድራት ነበር እኮ።"

"ለማን?"

"ለወይዘሮ ሜይፊልድ ነዋ። ጠፋባት አላልክም? ሰዎቹ ሲስቁባት አሳዘነችኝ።"

ኤምሪስ ልጅቷን አቅፎ ወደ እናቱ ተመለሰ። "ወይዘሮ ሜይፊልድ ማናት?"

ግዌኔት ያን ጊዜ ነገረችው። ሠላሳ ዓመት የያዘችውን ቃል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ኤምሪስ ልጁን እንዳቀፈ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ደግሞ ቀለድኩበት" አለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ መድረኩ ተመለሰ፤ ሂውና ሌሎቹ ያለ ዘፋኝ አንዱን ዜማ እያዞሩ ነበር። እስከ መጨረሻው ዓይኑን ገልጦ ዘፈነ። ግዌኔት ከፊት ወንበር ይዛ፣ የቴጋንን ቀሚስ ጫፍ ጡጫዋ ላይ ጠቅልላ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ጨመደድሽው።"

"ይጨማደድ።"

ያቺው ወረቀት የምታቀብለው ሠራተኛ ሌላ ወረቀት ይዛ ወደ መድረኩ ስትሄድ ግዌኔት ብድግ አለች። ኤምሪስ መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ቀና ብሎ አያት።

"መኪና ነው፣ እማ" አለ በማይክሮፎኑ። "ነጭ መኪና። መብራቱ በርቶ ነው።"

ግዌኔት ግን አልተቀመጠችም።