ሰው ሲወርድ ውረጂ

ልብስ ሰፊዋ ወደ ከተማው ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የመጣችውም ለሽርሽር አይደለም፤ ወንድሟን ልትድር ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ነበር። በስፌት መኪናዋ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ዛሬ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሙሽራዋ ጋር በጋብቻ መዝገብ ቤት ይፈራረማሉ። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ከየወገኑ አንድ የሥጋ ዘመድ ካልፈረመ አያጋባም፤ በሙሽራው በኩል ከእሷ ሌላ ማንም የለም። ታዲያ ይህችን ያለችውን አንድ ዘመዱን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበላታል ስትሉ፣ የድምፅ መልእክት ላከላት!

«እታለም፣ ጸጉር ቤት ነኝ፣ መምጣት አልችልም። በምድር ውስጥ ባቡር ነይ፣ ሕፃን ልጅ እንኳን አይጠፋም። ጣቢያው ከመናኸሪያው ሥር ነው። ካርድ ትገዢና በሩ ላይ ታስነኪያለሽ። አረንጓዴውን መስመር ያዢ፣ መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ግቢ። ከዚያ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሲወርድ አብረሽ ውረጂ። ደረጃውን ስትወጪ መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊትሽ ነው። ሰሌዳውን አትዪ፣ ያደናግርሻል።»

ሰሌዳውን አትዪ ይላታል! ማንበብ ያስተማረችው ማን ሆነና?

እሷ ግን ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወረደች። ወንድሟ ማሙሽ ካለ አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ለእሷ ዛሬም ማሙሽ ነው። ካርዱን ገዛች፣ አስነካች፣ በሩ ተከፈተ። ሻንጣዋን ጎትታ እስክታልፍ ግን ጥርቅም አለና ቀሚሷን ነከሰው። ለዚህ ቀን ብላ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ! ከኋላዋ የቆመ ጎረምሳ «ማዘር፣ ፈጠን በይ እንጂ» አላት።

«ማዘርህን ቤትህ ፈልግ!» አለችውና ቀሚሷን መንጭቃ አለፈች።

በራሱ የሚሄደውን ደረጃ ዓይኗን ጨፍና፣ የአንዲት ጠባቂ ክንድ ይዛ ወረደች። ባቡሩ መጣ፤ መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ገባች። ፉርጎው ጢም ብሏል፤ አንዱ ክንዱን አፍንጫዋ ሥር አንጠልጥሎ ቆሟል። በየጣቢያው አንድ ሁለት ሰው ይወርዳል፣ ሦስት አራት ይገባል። እሷ የሰው ፊት ፊት እያየች ትጠብቃለች። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ፉርጎው እንዳለ ግልብጥ ብሎ ወረደ። እሷም ሻንጣዋን አንጠልጥላ አብራ ወረደች፤ እየተገፋች ደረጃውን ወጣች።

ፊት ለፊቷ ኳስ ሜዳ ነው። አገር ምድሩ ሰው ነው፤ ፉጨትና ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

የኳስ ሜዳው ትኬት ቆራጭ መዝገብ ቤቱ የት እንደሆነ ስትጠየቅ ሳቋ መጣ። «አልፈሽው መጣሽ እኮ። ማነው እዚህ ውረጂ ያለሽ?»

«ወንድሜ። ሰው ሲወርድ ውረጂ አለኝ።»

«በሥራ ቀን ነዋ! በሥራ ቀን ሰው የሚራገፈው መሥሪያ ቤቶቹ ጋ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ኳስ አለ። የዚህ ከተማ ሰው ባቡር ውስጥ ይተኛና ጎረቤቱ ሲነሳ ነው የሚነሳው። መንገድ ብትጠይቂው ሁሉም እንደዚያ ነው የሚነግርሽ።»

ደሟ ፈላ። ደወለችለት።

«እታለም፣ የት ነሽ?»

«ኳስ ሜዳ!»

«ኳስ ሜዳ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልጫወት ነዋ! በረኛ ጎድሏቸው! አንተ የማታፍር፣ ና ውሰደኝ!»

«ተራችን ሊደርስ ነው፣ እንዴት ብዬ? ተመልሰሽ ነይ፣ እንጠብቅሻለን። ያላንቺ አልፈርምም፣ በእናቴ አጽም።»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አለችና፣ በዚህኛው ጉዞ ማንንም አልሰማችም። ሰሌዳውን አንገቷን አንጋጣ አነበበች፤ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ በከንፈሯ እየጠራች ሄደች፤ ትክክለኛው ሲደርስ ብቻዋን ወረደች። ቁና ቁና እየተነፈሰች መዝገብ ቤቱ ደረሰች። ጠባቂው የሙሽራውን መልክ ስትነግረው «አሁን ገቡ» ብሎ በሩን አሳያት።

በሩ ገርበብ ብሏል። መዝጋቢዋ ማህተሟን አንስታለች። ማሙሽ ጸጉሩን ተከርክሞ አምሮበታል። ከጎኑ ሙሽራዋ በነጭ ቀሚስ፣ ቀይ ጫማ ያደረገች አንዲት ሴት ክንድ ይዛ ቆማለች።

«የሙሽራው እህት መታወቂያ የት አለ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ባቡር ላይ ቦርሳዋን ሰረቋት» አለ ማሙሽ፣ ዓይኑን እንኳን ሳያርገበግብ። «እህቴ ለመሆኗ እኔ እምላለሁ።»

ሙሽራዋ ወደ ባለ ቀይ ጫማዋ ሴት ዞረች። «አይዞሽ እትዬ፣ ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው» አለቻት። ከዚህ በፊት እህቱን አይታት አታውቅም። ባለ ቀይ ጫማዋ የማሙሽ የቢሮ ባልደረባ ናት፤ ድንገት ነው የተጠራችው።

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በላይ አልታገሠችም። በሩን ገፍታ ገባች።

«አንቺስ ማነሽ?» አለች መዝጋቢዋ።

ማሙሽ ክው አለ። ፊቱ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ተለማመጠ። «እታለም፣ በናትሽ» አለ በሹክሹክታ።

በናትሽ! የቷን እናት ነው የሚጠራው? ለእሱስ እናቱ ማን ነበረች?

«እህቱ ነኝ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እናት ሆኜ ያሳደግኩት እህቱ እኔ ነኝ። መታወቂያዬ ይኸው። ይህችን ሴትዮ አላውቃትም።»

ባለ ቀይ ጫማዋ ግድግዳውን ታክካ እልም አለች። መዝጋቢዋ መዝገቡን ከደነችው። «እንኳን ዛሬ፣ ሌላ ቀንም እኔ ዘንድ እንዳትመጡ! ፖሊስ ሳልጠራ ውጡልኝ!»

ኮሪደር ላይ ማሙሽ ጮኸባት። «አበላሸሽው! ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ፊርማ እኮ ነው! ብጠብቅሽ ተራው ሊያልፈኝ ነበር!»

«ያላንቺ አልፈርምም ብለህ በእናትህ የማልከውስ?»

«መንገዱ ቀላል ስለሆነ በጊዜ ትደርሻለሽ ብዬ ነዋ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለጸጉርህ ጊዜ ነበረህ፣ ለእኔ ግን አልነበረህም!»

ሙሽራዋ መካከላቸው ገባች። «እኔንስ ለምን አታለልከኝ?» አለችው። «እትዬ ብዬ አቅፌ የሳምኳት ማንን ነው?»

«አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ልብስ ሰፊዋ የቀረውን አልሰማችም። ሻንጣዋን አንስታ ወደ ጣቢያው ወረደች። መድረኩ ላይ ቆማ ባቡር ስትጠብቅ ነጭ ቀሚስ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሙሽራዋ ላይ ተክሏል፤ እሷ ግን ከምንም አልቆጠረችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለአስተማሪው፣ ለጎረቤቱ፣ ለአከራዩ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልሰው የኖረችው ነው። ልቡ ጥሩ ነው፣ ቸኩሎ ነው፣ ልጅ ነው። ይህን ብትላት ልጅቷ ደረጃውን ተመልሳ ትወጣለች፤ ሌላ መዝገብ ቤት ፈልገው ይጋባሉ። ወንድሟን ድራ፣ የልቧ ደርሶላት አገሯ ትገባለች። ይህን ቀን ስትመኝ ስንት ዓመት! ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። ገና ልጅ ናት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አጠያየቋም የምሯን ነው።

«ሁልጊዜ» አለቻት።

ባቡሩ መጥቶ ቆመ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማት ገባች። ልብስ ሰፊዋ ተከተለቻት፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ንዴቷ ግን ገና አልበረደላትም።